ጨረር ብቻ ወይስ ከኬሞ ጋር?

ድሬዳዋ ውስጥ አባታቸው የገፋ የጉሮሮ ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ «ኬሞው ይጨመር ወይስ ይቅር?» እያሉ የሚጨነቁ ልጆች አሉ።

ጨረሩ በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ አርብ። ዘመናዊው ጨረር የምራቅ ዕጢዎችን በተቻለ መጠን ያተርፋል።

ልዩነቱ ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ነው። የካንሰሩ ሴሎች ጨረሩን እንዳይቋቋሙ ያዳክማል። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ አብሮ መስጠቱ ከ100 ታካሚ 6 ወይም 7 ተጨማሪ ሰዎችን 5 ዓመት አድርሷል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው!

ግን ይከብዳል። የአፍና የጉሮሮ ቁስሉ ይብሳል፤ መድኃኒቱ ጆሮንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በድሬ ሙቀት ላይ ትውከት ሲጨመር ሰውነት ቶሎ ይደርቃል፣ ኩላሊትም ይበልጥ ይጋለጣል። ስለዚህ አባባ ውኃ መጠጣት ካቃታቸው ሳታድሩ ለሐኪም ንገሩ።

ኩላሊታቸው ለደከመ ወይም ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ጨረር ብቻውን ሊመረጥ ይችላል።