ዲፔንዳቦት፣ ሬኖቬት፣ ስኒክ ወይስ ኮፓይለት ኦቶፊክስ? ለትንሽ ቡድን የቱ ይሻላል

ስድስት ሰው ነን። ቢሯችን ለገሃር አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለመድኃኒት ቤቶች፣ ለአስመጪዎችና ለቁጠባ ማኅበራት ሶፍትዌር እንሠራለን። የደህንነት ቀዳዳ በራሳቸው ይደፍናሉ የሚባሉ መሣሪያዎችን ባለፉት ሦስት ዓመታት እየቀያየርን ሞክረናል፤ አንዳንዱን ይዘን ቀረን፣ አንዳንዱን ተውነው። "የቱን እንያዝ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን እንዳለ ልንገራችሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ኮዳችሁ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ካለ ዛሬውኑ ዲፔንዳቦትን አብሩ። ተመሳሳዩ ጊትላብ ላይ ወይም በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ከሆነ ሬኖቬትን ያዙ። ዶላር የሚጠይቀውን ግን የሚረባ ቴስት (ኮዱ መሥራቱን በራሱ የሚፈትሽ ኮድ) ሳይኖራችሁ አትግዙ።

ሰው የሚደናገረው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚሸጡ ነው። አንደኛው ሌላ ሰው የጻፈውን ላይብረሪ (ፕሮግራማችሁ ውስጥ የምታስገቡትን ዝግጁ ኮድ) ወደተስተካከለው ቨርዥን ማሻገር ነው። ሁለተኛው እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ስህተት ያለበት ኮድ አርሞ ማቅረብ ነው። ዲፔንዳቦትና ሬኖቬት የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራሉ። ኮፓይለት ኦቶፊክስ ሁለተኛውን ነው። ስኒክ ሁለቱንም እሠራለሁ ይላል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

የላይብረሪው ሥራ ቀላል መስሎ ከታያችሁ የአሜሪካውን የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩፋክስን አስታውሱ። ይጠቀምበት የነበረው የአፓቺ ስትራትስ ላይብረሪ ቀዳዳ ማስተካከያ እ.ኤ.አ. ማርች 2017 ወጥቶ ነበር። አጥቂዎቹ በዚያው ቀዳዳ የገቡት ሜይ ላይ ነው። ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ወጣ። ማስተካከያው ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪም እንደዚሁ ነው። ዲሴምበር 2021 ላይ ቀዳዳው ሲታወቅ 2.15 ወጣ፣ እሱ አልበቃ ብሎ 2.16፣ ከዚያ 2.17፣ ከዚያ 2.17.1፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ። ይህን በእጅ የሚከታተል ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም።

ወደ ዲፔንዳቦት ልመለስ። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2019 ገዝቶ የራሱ ያደረገው ነው። ለግል ሪፖም (ሪፖ የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ማስቀመጫ ነው) ለክፍት ሪፖም አይከፈልበትም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ታበሩታላችሁ፣ በቃ። ቀዳዳ ያለበት ላይብረሪ ሲያገኝ ቀዳዳው ወደተደፈነበት ዝቅተኛ ቨርዥን የሚያሻግር ፑል ሪኩዌስት (ፒአር፣ የኮድ ለውጥ ታይቶ እንዲጸድቅ የሚቀርብበት ጥያቄ) ይከፍታል። ዝቅተኛ መሆኑን እወድለታለሁ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይነካካም። ላይብረሪ ከሚወርድባቸው መሣሪያዎች ኤንፒኤም፣ ኮምፖዘር፣ ፒፕ፣ ማቨን፣ የፍላተሩን ፐብም ያውቃል።

ግን ሁለት ነገር አለው። የደህንነት ማሻሻያ አንድ ነው፣ ማንኛውም አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ማሻሻል ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ያበራ ቡድን በሳምንቱ ፒአር ማየት ያስጠላዋል፣ ከዚያ እውነተኛው የደህንነት ፒአር ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይቀራል። መጀመሪያ የደህንነቱን ብቻ አብሩ። እሱን መጨረስ ሲለመድ ሌላውን በግሩፕ አድርጋችሁ ጨምሩ።

አሁን የደረሰብንን ልንገራችሁ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ቦቱ ጄሰን ዌብ ቶክን የሚባለውን፣ የገባ ተጠቃሚ የሚይዘውን ማለፊያ (ቶክን) የሚፈርመውን ላይብረሪ ከ8.5.1 ወደ 9.0.0 የሚያሻግር ፒአር ከፈተ። የተለወጠው ሁለት ፋይል ብቻ ነው። ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ። እኔው ሜርጅ አደረግሁት (ከዋናው ኮድ ጋር ቀላቀልኩት)፣ ዲፕሎይ ሆነ (ደንበኛው ሰርቨር ላይ ወጣ)፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደወሉ። "ልጄ፣ ካሸሮቹ መግባት አቃታቸው። ትናንት ማታ የነበረችው ብቻ ትሠራለች።" ያቺ "ትናንት የነበረችው ብቻ" የምትለው ቃል ናት መንገዱን ያሳየችኝ። የድሮው ቶክን ገና አልሞተም፣ አዲስ መፈረም ግን አይቻልም። ዘጠነኛው ቨርዥን ከ2048 ቢት በታች በሆነ የአርኤስኤ መፈረሚያ ቁልፍ አልፈርምም ይላል። የኛ ቁልፍ፣ ከዓመታት በፊት የተፈጠረው፣ 1024 ቢት ነበር። የሎጊን ቴስታችን ደግሞ የሚፈርመው ለቴስት ብቻ በተሠራ 2048 ቢት ቁልፍ ነው። ስለዚህ ቴስቱ ከደንበኛው ሲስተም ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

አዲስ ቁልፍ ፈጥረን፣ ሁሉም ሰው እንደገና ገብቶ፣ 40 ደቂቃ ፈጀ። መድኃኒት ቤት ውስጥ 40 ደቂቃ ብዙ ነው፤ ሰው መድኃኒቱን እያየው ሳይወስድ ተመልሷል። ቦቱ አልተሳሳተም። እንዲያውም ደካማው ቁልፋችን ራሱ ቀዳዳ ነበር። የቁልፉ ነገርም ፒአሩ ላይ ቦቱ በለጠፈው የቨርዥን ማስታወሻ ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ እኔ አላነበብኩትም። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ቁጥር የተለወጠበትን ማሻሻያ፣ ከ8 ወደ 9 እንደሄደው ያለውን፣ ማስታወሻውን ሰው ሳያነብ አናሳልፍም። ዓርብ ከሰዓትም ዲፕሎይ የለም።

ሬኖቬት ከዲፔንዳቦት ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው፣ ግን መቆጣጠሪያው በጣም ብዙ ነው። ክፍት ኮድ ነው፤ ጊትሀብ፣ ጊትላብ፣ ቢትበኬት፣ ጊቲ ላይ ይሠራል። "ኮዳችን ከግቢያችን አይወጣም" የሚል ደንበኛ ካላችሁ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ብዙ ነው እንደዚህ የሚለው፣ ሬኖቬትን በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ ማስኬጃ) በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ታስነሳላችሁ። አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፣ ቀድማችሁ እወቁት። ጊትሀብ ላይ የደህንነት ማስጠንቀቂያውን ከጊትሀብ ከራሱ ይወስዳል። ከጊትሀብ ውጭ ከሆናችሁ ግን ኦኤስቪ የሚባለውን የቀዳዳ መዝገብ እንዲያይ በኮንፊግ (በቅንብር ፋይሉ) ማዘዝ አለባችሁ፣ እሱም የሚያየው እናንተ በቀጥታ የጠራችሁትን ላይብረሪ ነው። ላይብረሪው በውስጡ የሚጠራውን ሌላ ላይብረሪ ለማየት ከጎኑ እንደ ትሪቪ ያለ ቀዳዳ ፈላጊ (ስካነር) አስቀምጡ። እኛ ለቁጠባ ማኅበሩ ሲስተም ያደረግነው እንደዚህ ነው።

መብራትና ኔትወርክም ይታሰብበት። ቢሮ ውስጥ ባለች ሚኒ ፒሲ ላይ ሬኖቬትን ሌሊት ሰባት ሰዓት እንዲነሳ አድርገን ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ይዘለላል፣ ማንም አያውቅም። ሰው ቢሮ ውስጥ ባለበት በጠዋት ሦስት ሰዓት እንዲነሳ ስናደርገውና ሳይነሳ ሲቀር ቴሌግራም ላይ እንዲነግረን ስናደርግ ነው የተስተካከለው።

ከሬኖቬት የምወደው አንድ መስመር ኮንፊግ ነው፤ አዲስ ቨርዥን ከወጣ ይህን ያህል ቀን ሳይሞላው አታቅርብልኝ የሚለው። ለምን እንደሚጠቅም ሴፕቴምበር 2025 ላይ ታይቷል። ቾክ እና ዲበግ የሚባሉት፣ በየፕሮጀክቱ ያሉት የኤንፒኤም ላይብረሪዎች፣ የባለቤታቸው አካውንት በማጭበርበሪያ ኢሜይል ተወስዶ መርዝ ያለበት ቨርዥን ወጣባቸው። የቆየው ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሰው አልነካውም። ዲፔንዳቦትም አሁን ተመሳሳይ ማቆያ አለው። በሁለቱም የደህንነት ማሻሻያው ማቆያውን አልፎ ወዲያው ይመጣል፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

ስኒክ የሚከፈልበት ነው። በወር የተወሰነ ስካን የሚፈቅድ ነጻ ደረጃ አለው፣ ለመሞከር ይበቃል። የራሱ የቀዳዳ መዝገብ አለው፤ ማብራሪያው ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፣ ለጀማሪ ልጆች እንደ ትምህርት ነው። የዶከር ኢሜጅም (የተጠቀለለውን ፕሮግራም) ያያል፣ "ይህን ቤዝ ኢሜጅ ብትቀይሩ ይህን ያህል ቀዳዳ ይቀንሳል" ብሎ አማራጭ ያቀርባል፤ ዲፔንዳቦት ላይ ይህን አታገኙም። የሚከፈለው በ90 ቀን ውስጥ ኮድ ባስገባ ሰው ቁጥር ነው። ለሁለት ወር የመጣ የኢንተርን ልጅም ይቆጠራል፣ ልብ በሉ። እኛ ለአንድ ወር ሞክረን ተውነው። ጠላነው ማለት አይደለም። ያገኘውን ለመድፈን ጊዜ አልነበረንም፣ ላላስተካከልነው ዝርዝር ዶላር መክፈል ትርጉም አጣብኝ። ሃያ ሰው ያለው፣ ደህንነት የሚከታተል አንድ ሰው የመደበ ድርጅት ከሆነ ሌላ ነው፣ ያዋጣዋል።

ኮፓይለት ኦቶፊክስ ከሁሉም ይለያል። ኮድኪውኤል የሚባለው ስካነር ስህተቱን ያገኛል፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ማስተካከያውን ጽፎ እዚያው ፒአሩ ላይ ያቀርባል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በይፋ ክፍት ነው። ለክፍት ሪፖ ነጻ ነው። ለግል ሪፖ ግን ጊትሀብ ኮድ ሴኩሪቲ መግዛት አለባችሁ፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ዋጋው ኮድ ለሚያስገባ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 30 ዶላር ነው። ለኛ ለስድስታችን በወር 180 ዶላር ማለት ነው፣ የጊትሀብ የቡድን ክፍያ (ቲም ፕላን) ሳይቆጠር። በዚያ ላይ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት እዚህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ነው። ለደንበኛ የዓመት ዋጋ የምትሰጡ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስሉት።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ስሙ። ኮድኪውኤል ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አያነብም። ከተማችን ውስጥ ስንቱ ሲስተም በላራቬል (የፒኤችፒ ማዕቀፍ ነው) እንደተሠራ ታውቃላችሁ። ሥራችሁ በአብዛኛው ላራቬል ከሆነ ኦቶፊክስ ለናንተ ገንዘብ መጣያ ነው፤ ፒኤችፒ ለሚያነበው፣ ሴምግረፕ ለሚባለው ስካነር ጊዜያችሁን ስጡ፣ ክፍቱ ሞተሩ አይከፈልበትም።

የሚያነበው ቋንቋ ከሆነ ግን ይሠራል። ክፍት ባደረግነው አንድ የኖድ ፕሮጀክት ላይ አይቼዋለሁ። ከመፈለጊያ ሳጥን የመጣውን ጽሑፍ በቀጥታ ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ) ትእዛዝ ጋር የሚቀጥል፣ አጥቂ የራሱን ትእዛዝ ሊያስገባበት የሚችል መስመር ነበረን። ኦቶፊክሱ ጽሑፉን አውጥቶ በቦታው የጥያቄ ምልክት አደረገ፣ እሴቱን ለብቻው አሳለፈ። ልክ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። ከሥሩ ግን ሰንጠረዡ በየትኛው ዓምድ ይደርደር የሚለውም ከተጠቃሚው እየመጣ ይቀጠል ነበር። የዓምድ ስም በጥያቄ ምልክት አይተካም፤ የሚፈቀዱትን ስሞች ዘርዝሮ ከዚያ ውጭ የሆነውን መመለስ ነው መፍትሔው። ያቀረበው ማስተካከያ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የነካው። አብራን የምትሠራው ልጅ ባታየው "ተስተካክሏል" ብለን እናልፈው ነበር።

ለዚህ ነው ስትገዙ ሻጩ በሚያሳያችሁ ዴሞ አትርኩ የምለው። በዴሞው ላይ ሁሉም ያምራል። ከራሳችሁ ሪፖዎች አሮጌውንና የተዝረከረከውን መርጣችሁ በነጻ ሙከራው ላይ ሁለት ሳምንት አሂዱት። ስንት ቀዳዳ አገኘ የሚለውን ተዉት። ማስጠንቀቂያው ከመጣ ጀምሮ ማስተካከያው ደንበኛው ሰርቨር ላይ እስኪደርስ ስንት ቀን ፈጀ? እሱን ብቻ ጻፉ። እኛ ጋ መጀመሪያ ስንቆጥረው 23 ቀን ነበር፣ በነጻው ዲፔንዳቦት። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በተራ አንድ ሰው ፒአር ብቻ እንዲያይ ስናደርግ ወደ 4 ቀን ወረደ፣ ያውም ምንም ሳንገዛ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደንበኞቻችን ውል ሲያድሱ ይህንኑ ይጠይቁናል፤ የትኛውን መሣሪያ ትጠቀማላችሁ ያለን የለም፣ በስንት ቀን ትደፍናላችሁ ነው የሚሉን።