ጋልቫናይዝድ ቱቦ ለትራፊክ ምልክት ቋሚ፦ ክረምትም በጋም ካየን በኋላ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለው የቤት ማኅበራችን ግንቦት ላይ በውስጥ መንገዶቹ የ«ቁም»፣ የፍጥነት ወሰንና የሕፃናት ማቋረጫ ምልክቶችን አቁሟል። ግዢውም ተከላውም በእኔ እጅ ስላለፈ የታዘብኩትን ልጻፍ። ቋሚዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አብዛኞቹ ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ክብ ቱቦ፣ የቀሩት አንቲረስት (ፀረ ዝገት ቀለም) የተቀባ አርኤችኤስ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት።

በዝገት በኩል ጋልቫናይዝዱን የሚያህል የለም። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ስለሚያስበላ ትንሽ ጭረት አያሳስብም። አርኤችኤሱ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን ቀላ፤ ቀለሙን በጥፍር ስትነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ጋልቫናይዝዱም ቢሆን በያጁ ሰሌዳውን የሚይዘውን ማቀፊያ የበየደበት ቦታ ላይ ዝጓል፤ እሳቱ ዚንኩን አቃጥሎታል። ማቀፊያቸው በብሎንና በዳዶ የታሰረላቸው ንጹሕ ናቸው።

ክቡ ቱቦ ያለበት ጣጣ መዞር ነው። የበጋው ነፋስ ሰሌዳውን ገፍቶ ገፍቶ አንዱን «ቁም» ወደ ጎረቤት አጥር አዞረው፤ ሾፌሩ ሳይሆን አጥሩ እንዲቆም የታዘዘ ይመስል ነበር። ቱቦውንና ማቀፊያውን በስቶ ብሎን ማሳለፍ የላይኛውን ይይዛል። የታችኛው እንዳይዞር ደግሞ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቱቦውን ከግርጌው አጠገብ በስቶ አጭር ፌሮ አግድም ማሳለፍ ነው። አርኤችኤስ ማዕዘን ስላለው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የከበደን አፈሩ ነው። ሰፈራችን ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጉድጓዳቸው ጠባብ ሆኖ የወጣው አፈር መልሶ የተጠቀጠቀባቸው ቋሚዎች ታኅሣሥ ላይ በግርጌያቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፍተው ዘንበል ብለዋል፤ ሕፃን ቢገፋቸው ይወዛወዛሉ። ጉድጓዱ ሰፍቶ፣ መረሬው ተጭኖ ወጥቶ፣ ከሥር ገረጋንቲ ተደብድቦ ኮንክሪት የተሞላባቸው ግን ዛሬም ቱንቢ ቢወርድባቸው ቀጥ ያሉ ናቸው። ኮንክሪቱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አስደርጉ። ውኃ ካቆረ ጋልቫናይዝድም አይምረውም፤ የቱቦውንም አፍ በክዳን ድፈኑ።

ስለ ቁመት አንድ ስሌት አለችኝ። ቱቦ በ6 ሜትር ይሸጣል፤ ሁሉም እኩል ለሁለት ይቆርጠዋል። እግረኛ በሚያልፍበት ቦታ ከሰሌዳው ሥር 2.1 ሜትር ክፍት መሆን አለበት። በዚያ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳና 60 ሳንቲ ሜትር መቀበሪያ ሲጨመር 3.3 ሜትር ይመጣል፤ ግማሹ አይበቃም ማለት ነው። የተረፈው 2.7 እግረኛ በሌለበት ዳር፣ ከሥር 1.5 ሜትር ክፍት ትቶ ልክ ይገባል። ቁራጭ አይባክንም።

አሸዋ ያራገፈ ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲመለስ አንዱን ቋሚ ገጭቶ አጎበጠው። «ውስጡን ኮንክሪት እንሙላው» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። የምልክት ቋሚ ሲገጩት መሸነፍ አለበት፤ ነገ የሚገጨው ባለ ሞተር ሳይክል ሊሆን ይችላል። አዲስ ቱቦ መግዛት ይቀላል።

የ«ፍሳሽ እንመጥጣለን» ማስታወቂያ ለጣፊዎች ለሁለቱም ዓይነት አያዳሉም፤ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

ልትገዙ ካሰባችሁ ውፍረቱን በሻጩ አፍ አትመኑ፤ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ለቀሪዎቹ ምልክቶች አራት ማዕዘኑን በጋልቫናይዝድ አዝዘናል። ካልተገኘ ያው ክቡ ቱቦ ነው፣ ከሥሩ ፌሮ ተሻግሮበት።