ለምህንድስና መምህሬ ምስጋና፣ ለተማሪዎችም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ ያዘጋጀሁት ስታቲክስን (በማይንቀሳቀሱ አካላት ላይ የሚያርፉ ኃይሎችን የሚያጠናውን ትምህርት) እና የቁሶች ጥንካሬን ላስተማሩኝ ፕሮፌሰር ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ አስተማሪ የመምረጥ ዕድል ያላቸው የምህንድስና ተማሪዎችም የእርሳቸውን ክፍል፣ ካልሆነም በእርሳቸው መንገድ የሚያስተምር ሌላ መምህር ፈልገው እንዲመዘገቡ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያላሰፈርኩት ውዳሴ ስለማይወዱ ነው፤ ከእርሳቸው የተማረ ሰው ግን የሚቀጥለውን አንቀጽ ሲያነብ ማንን እንደማመሰግን ወዲያው ይገባዋል።

በእርሳቸው ክፍል ካልኩሌተር የሚነካው በመጨረሻ ነው። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ በኋላ ተማሪው በቅድሚያ አካሉን ከደጋፊዎቹና ከአካባቢው ነጥሎ ብቻውን ይሥላል፤ በላዩ የሚያርፉትን ኃይሎችና ሞመንቶች (አካሉን ለማዞር የሚሞክሩ ጫናዎች) ሁሉ በቀስት ያመለክታል፤ ከዚያም መልሱ በግምት ስንት አካባቢ እንደሚሆንና አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ በቃላት ይጽፋል። ሒሳቡ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም የሚባለው ይህ ሥዕል በየትኛውም የስታቲክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ውስጥ ስለሚገኝ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለእኛ አዲስ የሆነብን እርሳቸው ለሥዕሉ የሚሰጡት ክብደት ነበር። ሌሎች ቶሎ አልፈውት ወደ እኩልታዎቹ በሚሻገሩበት ቦታ፣ እርሳቸው የክፍለ ጊዜውን ግማሽ በአንድ ሥዕል ላይ ያሳልፋሉ። «ይህን ቀስት ያመጣው ማን ነው? የሚነካውስ አካል የትኛው ነው?» እያሉ፣ ከስበት ኃይል በቀር እያንዳንዱ ኃይል የሚነሳበት ንክኪ እስኪታወቅ ድረስ ይጠይቃሉ። ምንጩ ያልታወቀ ቀስት ይሰረዛል፤ የተረሳ ንክኪ ካለ ደግሞ ጠቁመው አያልፉም፣ ተማሪው ራሱ እስኪያየው ይጠብቃሉ።

የዚህ ጥንቃቄ ትርጉም ጠልቆ የገባኝ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በሃያት ሬጀንሲ ሆቴል የደረሰውን አደጋ ያስተማሩን ጊዜ ነው። በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ፎቅ ከፍታ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በብረት ዘንጎች የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያው ተነስቶ የአራተኛውን ፎቅ መተላለፊያ ቢም (ጭነት ተሸካሚ አግዳሚ) በመብሳት እስከ ሁለተኛው ፎቅ ሳይቋረጥ ይወርድ ነበር። ይህ ለአሠራር አስቸጋሪ በመሆኑ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና፣ የላይኛው ዘንግ የአራተኛውን ፎቅ መተላለፊያ ከጣሪያው ጋር፣ የታችኛው ዘንግ ደግሞ የሁለተኛውን ፎቅ መተላለፊያ ከአራተኛው ፎቅ ቢም ጋር እንዲያያይዝ ተደረገ። ፕሮፌሰራችን የሆቴሉንም ሆነ የአደጋውን ስም ሳያነሱ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሰጡንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ ከአራተኛው ፎቅ ቢም ሥር በዘንጉ ላይ ተጠምዝዞ ቢሙን የያዘው ዳዶ በመጀመሪያው ሥዕል ስንት ይሸከማል፣ በሁለተኛውስ?

ብዙዎቻችን ልዩነት የለውም የሚል ግምት ጽፈን ነበር፤ ከጣሪያው የሚንጠለጠለው ጠቅላላ ክብደት በሁለቱም ሥዕሎች አንድ ነውና። እርሳቸውም ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው እንድናስብ ነገሩን። ሁለቱም ገመዱን በየራሳቸው እጅ ከያዙ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት የራሳቸውን ክብደት ነው፤ የታችኛው ሰው ገመዱን ለቆ የላይኛውን ሰው እግር ከያዘ ግን ገመዱ የሚሸከመው ሳይለወጥ የላይኛው ሰው እጅ የሚሸከመው እጥፍ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ቢሙን ነጥለን ስንሥል፣ በሁለተኛው ንድፍ ዳዶው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከመጀመሪያው እጥፍ መሆኑ በአንዲት የሚዛን እኩልታ ወጣ። የምን ሕንፃ እንደሆነ የነገሩን ሁላችንም መልሱን ካገኘን በኋላ ነው። በዚያ አደጋ 114 ሰዎች ሞተዋል፣ ከ200 በላይ ቆስለዋል። ታሪኩን አቅልለን እንዳንይዘውም፣ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማውን የግንባታ ደንብ እንደማያሟላ በምርመራው መረጋገጡን አክለው ነገሩን፤ ለውጡ ቀድሞውንም ደካማ የነበረውን መገጣጠሚያ ይበልጥ አዳከመው እንጂ ችግሩ ከእርሱ ብቻ አልጀመረም። በአንደኛ ዓመት ተማሪ እውቀት የሚሠራ ሥዕል ምን ያህል ሕይወት ሊጠብቅ እንደሚችል ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ትምህርት አላጋጠመኝም።

አስቀድሞ መገመት በዚህ ኮርስ ውስጥ ጥብቅ ሕግ ነው። ጫፉ ላይ ጭነት ያለበት አንድ ወገኑ ብቻ የተያዘ ቢም ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን መጉበጡ በስንት ያድጋል? ቀጭን ኮለም (ቋሚ ምሰሶ) ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ከመጥመሙ በፊት የሚችለው ጭነት ወደ ስንት ይወርዳል? መልሶቹ በቅደም ተከተል ስምንት እጥፍና አንድ አራተኛ ናቸው፤ ነገር ግን እርሳቸው መልሱን ከመናገራቸው በፊት ሁሉም ተማሪ ምርጫውን በወረቀት ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያም የተለያየ መልስ የጻፉ ጎረቤታሞች እርስ በርስ ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ለእያንዳንዳችን ጠመኔ አድለው በሁለት እጃችን ጠምዝዘን ብንሰብረው ስብራቱ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖረው አስቀድመን እንድንሥል አዘዙን። አብዛኛው ሰው ቀጥ ያለ ስብራት ሣለ፤ ጠመኔው ግን በ45 ዲግሪ ገደማ እየተጠማዘዘ ተሰበረ። ተሰባሪ ቁስ ለመሳሳብ (ወደ ሁለት ወገን ለመጎተት) ደካማ መሆኑንና በጥምዘዛ ጊዜ ትልቁ የመሳሳብ ውጥረት በዚያ አቅጣጫ እንደሚያርፍ ያስረዱን ስብራቱን በእጃችን እንደያዝን ነው። የሞር ክብ የሚባለውን፣ ውጥረት በየአቅጣጫው እንዴት እንደሚለያይ በክብ የሚያሳየውን ሥዕል ሳምንታት ቆይተን ስንማረው ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አልጠየቀም።

ይህን የማስተማር ዘዴ የራሳቸው ፈጠራ አድርገው አቅርበው አያውቁም፤ ይህም የማከብርላቸው ጠባይ ነው። ተማሪዎች አስቀድመው መልስ መርጠው እርስ በርስ እንዲወያዩ ማድረግን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዳስፋፉት ነግረውናል። ዘዴው ጊዜ ማባከን ነው ለሚሉ ተማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውንና በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለውን ትንተና ይጠቅሱላቸው ነበር። በዚያ ትንተና መሠረት ገለጻ ብቻ በሚሰጥባቸው ክፍሎች በአማካይ 34 በመቶ ያህል ተማሪ ሲወድቅ፣ ተማሪው በንቃት በሚሳተፍባቸው ክፍሎች የወደቀው 22 በመቶ ያህል ነው።

ፈተና ሲያርሙም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። የመጨረሻው ቁጥር ከነጥቡ ትንሹን ድርሻ ይይዛል። ሥዕሉ ትክክል ሆኖ በሒሳቡ የተሳሳተ ተማሪ አብዛኛውን ነጥብ ያገኛል፤ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን፣ «ይህ መልስ ሊሆን አይችልም፤ የስድስት ሜትር ቢም ሦስት ሜትር አይጎብጥም፤ ስህተቴን ግን አላገኘሁትም» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ተጨማሪ ነጥብ መስጠታቸው ነው። በሥራ ዓለም ከሁሉ የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ይህ ነውና፣ በነጥብ መሸለሙ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። መለኪያ አሃድ ለሌለው ቁጥር ግን ምሕረት የላቸውም። ለዚህም የሚያነሱት እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ አካባቢ የጠፋችውን ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች መንኮራኩር ነው፤ የአንዱ ወገን ሶፍትዌር ግፊቱን በፓውንድ ሰከንድ ሲያወጣ ሌላው በኒውተን ሰከንድ እንደተሰጠው አድርጎ ተቀብሎታል።

ወደ ቢሯቸው የሚሄድ ተማሪ የተሠራ መልስ ይዞ እንደማይወጣ ቢያውቅ መልካም ነው። ወረቀቱን ተቀብለው በጥሞና ካነበቡ በኋላ፣ የመጨረሻውን ትክክለኛ መስመር በጣታቸው አመልክተው «እስከዚህ ድረስ የእርስዎ ነው፤ ከዚህ በኋላ ምን አሰቡ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪን አንቱ የሚሉ መምህር ናቸው። ፈርቶ የገባ ተማሪ በዚህ አክብሮት ምክንያት አሳቡን ደፍሮ ሲናገር በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ በክፍል ውስጥ የማይናገሩ ብርቱ ተማሪዎች የታወቁትም በዚያ ቢሮ ውስጥ ነው።

ጥቆማዬ የተሟላ እንዲሆን ኮርሱ ለሁሉም ሰው ምቹ አለመሆኑን መግለጽ ይገባኛል። በሰሌዳ ላይ የሚሠሩት ምሳሌዎች ቁጥር ከሌሎች ክፍሎች ያነሰ ነው፤ ያለፉ ዓመታትን ፈተና አጥንቶ ለማለፍ የለመደ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዱታል። የቤት ሥራው ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ በእጃቸው አስተያየት ስለሚጽፉም ታርሞ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ለእኔ ይህ ሁሉ የሚገባው ዋጋ ነበር። ዛሬ በሥራዬ የሌሎችን ንድፍ ስመረምር፣ ሶፍትዌሩ በቀለም አሳምሮ ያወጣውን ውጤት ከመቀበሌ በፊት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ግምቴን እጽፋለሁ፤ ግምቴና ውጤቱ ከተራራቁ ምክንያቱን ሳላገኝ አልፈርምም። ይህን ልማድ ያገኘሁት ከእርሳቸው ነው።

ክቡር ፕሮፌሰር፣ ለትዕግሥትዎ፣ በቀይ ሳይሆን በእርሳስ ለጻፉልኝ ረጃጅም አስተያየቶች፣ ገና ምንም ሳላውቅ እንደ ሙያ ባልደረባ ስላናገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመለማመጃ ክፍለ ጊዜያትን በተመሳሳይ መንፈስ ለመሩልን ረዳት መምህራንና የላብራቶሪ ባለሙያም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ለመመዝገብ የምታስቡ ተማሪዎች፣ ቬክተርንና ትሪጎኖሜትሪን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከልሱ፤ እርሳቸው እነዚህን እንደምታውቁ ቆጥረው ነው የሚጀምሩት። ማስመሪያ፣ ላጲስና መስመር የሌለው ሰፊ ወረቀት ያዙ፤ ትንሽ ሥዕል አይቀበሉም። የቤት ሥራውንም ከአንድ ሰው ጋር ተጣምራችሁ ሥሩት፣ ሥዕሉንና ግምቱን ግን ከመገናኘታችሁ በፊት ለየብቻ አዘጋጁ፤ ክርክሩ የሚጠቅመው ሁለታችሁም የየራሳችሁን አቋም በወረቀት ይዛችሁ ስትመጡ ነው።