የመኪናው ስክሪን ወይስ ለብቻው የተገጠመ ቆጣሪ?

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪናውን ግቢው ውስጥ የሚሞላ ሰው ፍጆታውን በሁለት መንገድ ሊከታተል ይችላል። የመኪናው ስክሪን ወጪ የለውም፤ የሚናገረው ግን ባትሪው ውስጥ ስለገባው ኃይል ነው። በመሙላት ሂደት በሙቀት የሚባክነው፣ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ገደማ የሚሆነው፣ እዚያ አይታይም፤ የካርድ ቆጣሪው ግን አይምረውም።

በመሙያው መስመር ላይ ለብቻው የሚገጠም ቆጣሪ ብክነቱንም ይይዛል፦ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 8 ሰዓት ከተሞላ 17.6 ኪሎዋት ሰዓት ያሳያል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በየእርከኑ ስለሚወደድ የእንጀራ ምጣዱን ድርሻ ከመኪናው ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አባይ ማዶ ተከራይቶ ቆጣሪ ከአከራዩ ጋር ለሚጋራማ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ገጣሚ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ቢሆንም ምርጫዬ እሱ ነው። ቤቱ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሞላ ስክሪኑ ይበቃዋል።