የመጠጥ ማሽን ማጽጃ፦ የጀሪካን በረኪና ወይስ የጨው ውሃ?

የለስላሳ መቅጃ ማሽን ቱቦ ውስጡ አይታይም። አፉን በጣትህ ብትነካው ግን የሚያሙለጨልጭ ነገር ታገኛለህ። የጀርም ጎጆ ነው።

በረኪና ገዝቶ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ግን ሙቀትና ብርሃን ኃይሉን ቀስ በቀስ ያዳክሙታል። በስህተት ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለማ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የጨው ውሃው መንገድ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል፤ የሚፈልገው ውሃ፣ ጨውና ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ በጨው ውሃው ሲያልፍ ክሎሪን ይፈጠራል፤ እሱም ከውሃው ጋር ተዋህዶ ሃይፖክሎረስ አሲድ የሚባል ጀርም ገዳይ ይሆናል። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) 5 እና 6 መካከል ሲሆን ጀርም ላይ ይበረታል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ የሚከማች መርዝ የለማ! መብራት ከጠፋ ግን ሥራው ቆመ። ማዕድን የበዛበት ውሃም ኤሌክትሪኩን ወደ ውሃው በሚያስገባው ዘንግ (ኤሌክትሮዱ) ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል።

የደረቀ ስኳርን ግን ሁለቱም በቅጡ አያነሱትም። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል።