የወርቲንግተን ብርድና አውሎ ነፋስ፦ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ሬዲዮ ግምገማ

ወርቲንግተን በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ከአዮዋ ድንበር ብዙም ሳትርቅ በኦካቢና ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ 14 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያው ሥራ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣን ብዙ ሰዎችን ሰብስቦባታል። አዲስ ለሚመጣ ወገን ወፍራም ጃኬትና ቦት ጫማ እንዲገዛ የሚመክር አይጠፋም፤ ስለ አየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ሬዲዮ የሚነግረው ግን እምብዛም የለም። ዕቃውንም፣ በዕቃው የሚመጣውንም የመንግሥት አገልግሎት ለአራት ዓመታት ስለተጠቀምኩበት፣ የታዘብኩትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ሬዲዮው ዘፈንም ሆነ ዜና አያሰማም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉት ሰባት ቻናሎች ሌት ተቀን የሚያሰራጨውን ብቻ ይቀበላል። የወር ክፍያ የለውም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። እኛ ለምንኖርበት ለኖብልስ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ትንበያና ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው በደቡብ ዳኮታ በሱ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ጽሕፈት ቤት ነው። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሬዲዮው ዝም ካለበት በራሱ ተነሥቶ በኃይል ይጮኻል፤ የገዛሁትም ለዚህ ጩኸቱ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ነበርና አልበጀኝም። ካውንቲ መምረጥ ስለማይችል፣ ከእኛ እጅግ ርቆ ለሚዘንብ ዝናብ ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቅሰናል፤ ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ጊዜ ከግድግዳው ነቀልኩት፤ የተነቀለ ሬዲዮ ደግሞ ማንንም አያስጠነቅቅም። ሁለተኛው የካውንቲ መለያ ቁጥር የሚቀበል ነው። ገዢ ሁሉ ካርቶኑ ላይ «ሴም» (SAME) የሚለውን ምልክት ፈልጎ እንዲገዛ አጥብቄ እመክራለሁ። የኖብልስ ካውንቲ ቁጥር 027105 ነው፤ ይህን ስድስት አኃዝ ካስገቡ በኋላ ሬዲዮው ለዚህ ካውንቲ የወጣ ማስጠንቀቂያ ሲኖር ብቻ ይጮኻል። ቁልፎቹ ጥቃቅን፣ መመሪያውም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል።

ጥቅሙን በደንብ ያወቅሁት በቀዝቃዛው ወቅት ነው። ከእኛ እስከ ካናዳ ድረስ ንፋስ የሚገታ ተራራ የለም፤ አገሩ ሜዳ ነው፣ በቆሎና አኩሪ አተሩ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ባዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ ከሰማይ አንዲት ቅንጣት ሳትወርድ፣ ቀድሞ መሬት ላይ የነበረው ስኖው (እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደው) ብቻ በንፋስ ተነሥቶ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ጠዋት በመስኮት ስመለከት ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ሬዲዮው ግን የብሊዛርድ ማስጠንቀቂያ ያሰማል። የተሳሳተ መስሎኝ መኪናዬን አስነሥቼ ወጣሁ። የከተማው የመጨረሻ ቤት ሲያልቅ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ነጭ ጎርፍ አስፋልቱን አቋርጦ ሲፈስ አየሁ፤ ከላዬ ሰማያዊ ሰማይ፣ ከፊቴ ግን የመኪናዬ አፍንጫ እንኳ አይታይም። ብሊዛርድ የሚባለው ብዙ ስኖው ስለወረደ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ፤ መለኪያው በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ ንፋስ፣ ከ400 ሜትር በታች የሆነ እይታ፣ ይህም ለሦስት ሰዓት መቆየቱ ነው። ኢንተርስቴት 90 የተባለው አውራ ጎዳና በበሩ የሚዘጋውም በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ቅዝቃዜውን ሬዲዮው የሚናገረው በፋራናይት ስለሆነ ለኛ ልብ ውስጥ ቶሎ አይገባም። ፋራናይት 0 ማለት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዜሮ በታች 29 ሴልሺየስ ሆኖ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ሲታከልበት፣ ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 43 ነው፤ የተገለጠ ቆዳም በ10 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። የዚህ ማስጠንቀቂያ ስም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ተቀይሮ «ኤክስትሪም ኮልድ» ተብሏልና፣ የቀድሞውን «ዊንድ ቺል» የለመዱ ሰዎች ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ይወቁ።

በቤታችን የደረሰውን ልንገር። አክስቴ እንግሊዝኛ በመጠኑ ይሰማሉ። ሬዲዮው ማስጠንቀቂያው እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል ሲል ሰሙ፤ የተባለው የምሽቱ ስድስት፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ነበር። እሳቸው ግን ልክ እኩለ ቀን ሲሆን አበቃ ብለው፣ ከጃኬታቸው በላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ጎረቤት ሊጠይቁ ወጡ። ማዕዘኑ ጋ ሳይደርሱ ተመለሱ፤ የጆሯቸው ጫፍ እንደ ሰም ነጥቶ ነበር። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሸፍነን ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው አጠገብ፣ ሁለቱን የሰዓት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የጻፍኩበት ወረቀት ተለጥፏል።

የቃላቱም ነገር ቀላል አይደለም። ለእናቴ በስልክ «ክረምቱ ከበደብን» ስላቸው የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ነው የሚያስቡት። «በረዶ» ስንልም በአገራችን ከዝናብ ጋር የሚወርደው ነው፤ እዚህ ያን የሚመስለው በሞቃቱ ወቅት ከነጎድጓድ ጋር ይመጣል፤ የቀዝቃዛውን ወቅት ግን ሁላችንም «ስኖው» ማለት ለምደናል። ማስጠንቀቂያ ተርጉሞ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ይህን ካልለየ፣ መኪናውን ከበረዶ ማስጠለል የሚገባውን ሰው አካፋ ሊያስገዛው ይችላል።

በሞቃቱ ወቅት ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ላይ የበቆሎው ማሳ የሚተነፍሰው እርጥበት ሲጨመር፣ ሐምሌ እንደ እንፋሎት ቤት ይሆናል፤ ነጎድጓዱም የሚበረታው ያኔ ነው። እዚህ ላይ «ዋች» እና «ዋርኒንግ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ማንም ሊያምታታ አይገባም። ቶርኔዶ ዋች፣ ቶርኔዶ የሚባለው የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችል ተዘጋጁ ማለት ነው፤ ዋርኒንግ ሲባል ግን በራዳር ወይም በዓይን ታይቷልና ያኔውኑ ወደ ምድር ቤት መውረድ ያስፈልጋል። በሚኒሶታ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚጮኸው ሳይረን ሙከራ ስለሆነ አዲስ ሰው አይደንግጥ። ሳይረኑ የተሠራው ደጅ ላለ ሰው ነው፤ መስኮት ዘግቶ የተኛን ይቀሰቅሳል ብሎ መተማመን አይገባም።

ጉድለቶቹን አልደብቅም። የሱ ፎልስ ራዳር ከእኛ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በምድር ክብነትና በጨረሩ አቅጣጫ ምክንያት በእኛ ላይ የሚያየው ከመሬት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ነው። ከዚያ በታች የሚሆነውን ሊያመልጠው ይችላል፤ ለዚህ ነው የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኛ ተመልካቾች የሚያስፈልጉት። ድምፁ የኮምፒውተር ነውና የቦታ ስሞችን አንዳንዴ ያዛባል። ከሁሉም የሚከፋኝ በአማርኛ አለመሰራጨቱ ነው፤ በከተማዋ ማስጠንቀቂያውን ተርጉመው የሚነግሩን ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ይህ ሸክም ለልጅ የሚሰጥ አይደለም።

ስልኬ እያለ ለምን ለሚል ሰው የሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ነገር ይበቃዋል። የወረደው ዝናብ መሬት ሲነካ እየቀዘቀዘ ዛፉንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ብርጭቆ በመሰለ ወፍራም ግግር ሸፈነው፤ ወርቲንግተንም ለቀናት በመብራት መጥፋትና በፈረቃ ቆየች። ባትሪ ድንጋይ የገባበት ሬዲዮ ያኔም ይናገራል። ስለዚህ የካውንቲ ቁጥር የሚቀበለውን፣ ባትሪ የሚይዘውን ግዙ፤ መኝታ ክፍል አጠገብ አስቀምጡት፤ ድንጋዩን በመስከረም፣ ስኖው ከመምጣቱ በፊት ቀይሩ። የእኛ ወረቀት ላይ አክስቴ ራሳቸው ከሰዓቱ በታች በእጃቸው አንድ መስመር ጨምረዋል፦ «መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቂ፣ ከዚያ ውጪ።»