ሎሪዮና ኤቭሊን ሃማን፦ የልደቱን ዝግጅት ከአረጋውያኑ ጋር አየሁት

የምሠራው ብሬመን ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ማታ ተረኛ ስሆን እራት ከተነሣ በኋላ ሳሎን ከሚቀሩት ጋር ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን አያለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜናው ይጀምራል፣ ሁለት ከሩብ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ግማሾቹን እዚያው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ግን ማንም አልተኛም። ከነዋሪዎቻችን አንዷ 80 ዓመት ሞልቷቸው፣ ልጃቸው የሎሪዮን የቴሌቪዥን ሥራዎች በዲቪዲ አምጥቶላቸው ነበር። እሳቸውም ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ የሎሪዮን የልደት ዝግጅት ነው፤ ሎሪዮና ኤቭሊን ሃማን፣ ሁለቱ የጀርመን ቀልድ አንጋፋዎች፣ እንደገና አብረው የታዩበትን። «በልደቴ ልደት ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ወድጄዋለሁ። ግን ማንም ሰው ከዚህ ዝግጅት እንዲጀምር አልመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ።

ሎሪዮ ትክክለኛ ስማቸው ቪኮ ፎን ቢሎ ነው። ኅዳር 12 ቀን 1923 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ብራንደንቡርግ አን ደር ሃፈል በምትባል ከተማ ተወለዱ። «ሎሪዮ» በፈረንሳይኛ የአንዲት ቢጫ ወፍ ስም ነው፤ ወፏ የቤተሰባቸው አርማ ላይ ስላለች ነው ስሟን የወሰዱት። ሥራ የጀመሩት በሥዕል ነበር፤ እነዚያን ድንች የመሰለ አፍንጫ ያላቸውን ሰዎች የሣሉት እሳቸው ናቸው። ኤቭሊን ሃማን ደግሞ በ1942 ሃምቡርግ የተወለዱ የመድረክ ተዋናይት ናቸው። አባታቸው ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የዝምታ ልካቸውን የተማሩት ከሙዚቃ ቤት ይመስለኛል። እዚሁ ብሬመን ቲያትር ቤት ሲሠሩ ነው ሎሪዮ ያገኟቸው። ከ1976 እስከ 1978 በራዲዮ ብሬመን ጣቢያ ስድስት ክፍል የቴሌቪዥን ዝግጅት ብቻ ሠሩ። ስድስት! እኔ የምንከባከባቸው ሰዎች ግን ከእነዚያ ስድስት ክፍሎች ያልሸመደዱት ዓረፍተ ነገር የለም። አንዳንዶቹ የልጆቻቸው ስም ሲጠፋባቸው እንኳ «ድሮ ላሜታው ይበዛ ነበር» የምትለዋ አትጠፋባቸውም። ላሜታ የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ብልጭልጭ ክር ነው፤ ዓረፍተ ነገሯ በ1978ቱ የሆፐንሽቴት ቤተሰብ ገና ድራማ ላይ ያሉት አያት የሚሏት ናት፤ አያቱንም የሚጫወቱት ራሳቸው ሎሪዮ ናቸው። በየዓመቱ በታኅሣሥ ዛፉን ስናቆም ቢያንስ ሦስት ሰው ይላታል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። እዚህ አገር እንደ መጣሁ ከኛ ሰዎች የሰማሁት ምክር «ጀርመን ይሉኝታ አያውቅም፣ ፊት ለፊት ነው» የሚል ነበር። በሥራዬም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያሳዩኝ ግን ሌላ ነው። ቀልዳቸው በሙሉ የቆመው በይሉኝታ ላይ ነው።

የፓስታዋን አጭር ድራማ ውሰዱ። አንድ ሰውዬ ጣሊያን ምግብ ቤት ውስጥ ሂልደጋርድ ለምትባል ሴት ፍቅሩን ሊገልጽላት ተቀምጧል። አፉን በናፕኪን ሲጠርግ አንዲት የፓስታ ቁራጭ ፊቱ ላይ ትቀራለች። እሱ አላወቀም። እሷ አይታለች። ልትነግረው አፏን ስትከፍት «አሁን ምንም አይበሉ፣ ሂልደጋርድ» ይላታል፤ ከልቡ የሚወጣውን ቃል እንዳታቋርጠው። ቁራጯ ፊቱ ላይ ከቦታ ቦታ ትዘዋወራለች፣ እሱም በዚያው መጠን ቁም ነገረኛ እየሆነ ይሄዳል። ልብ ያላችሁት ነገር ካለ፣ ፍቅሩን የሚገልጸው «ዚ» እያለ ነው፤ በኛ አነጋገር በእርስዎ። አንድ ወንድ ልቡን እየሰጣት «ሂልደጋርድ፣ እርስዎ...» ሲል አስቡት። በአማርኛ ሳስበው ነው እኔን ያሳቀኝ፤ ምክንያቱም አንቱታ በመካከላቸው ጠረጴዛ ሆኖ ቆሟል፣ ጠረጴዛውን አልፋ እጇን ዘርግታ ፊቱን ልትጠርግለት አትችልም።

ሁሉም ሰው በዚህች ድራማ የሚያስታውሰው ሎሪዮንና ቁራጯን ነው። እኔ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ስትከፍቱት ኤቭሊን ሃማንን ብቻ እዩ እላለሁ። ምንም አይሠሩም ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ቁራጯ ወደ ሄደችበት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሰውየው እንዳያፍር ብለው ዓይናቸውን ለማንሣት ይሞክራሉ፣ ያቅታቸዋል። አይስቁም። ፊታቸው ላይ ያለው ርኅራኄ ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰው ስመግብ፣ ሰው ሳለብስ የምውል ሴት ነኝ፤ ያንን የዓይን ማንሣት በየቀኑ አደርገዋለሁ፤ በቴሌቪዥን እንዲህ በትክክል ተሠርቶ ያየሁት ግን በእሳቸው ብቻ ነው።

ስለ አንቱታው ሌላም አለ። በሥዕል የተሠራችው ላይ ሁለት ወንዶች ራቁታቸውን አንድ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጠው ይከራከራሉ፦ ውሃ ይግባ አይግባ፣ ዳክዬዋ ትግባ አትግባ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንኳ «ክቡር ዶክተር ክሎብነር»፣ «አቶ ሙለር ሉደንሻይት» መባባላቸውን አያቆሙም። በሌላዋ ደግሞ ካምፕ ላይ የተዋወቁ ሁለት ጥንዶች ምግብ ቤት ተገናኝተው አንተ አንቺ ለመባባል ጽዋ ያነሣሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን በአንድ ጣፋጭ ሳህን ላይ ባለች የሎሚ ክሬም ኳስ ተጣልተው ይለያያሉ። እኔ የ«ዚ»ን እና የ«ዱ»ን ልዩነት ቋንቋ ትምህርት ቤት ወራት ተምሬዋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ግን በእነዚህ ነው።

የልደቱ ዝግጅት ታዲያ? ውበቱ ሁለቱን አርጅተው አብረው ማየቱ ነው። በመካከላቸው ወደ 19 ዓመት የሚጠጋ የዕድሜ ልዩነት ነበር፤ ሆኖም አብረው ሲቀመጡ እንደ ረጅም ዘመን ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ትንፋሽ የሚያውቅ ይመስላሉ። (ባልና ሚስት አልነበሩም፤ አረጋውያኑን የሚጠይቅ እንግዳ ሁሉ ይህን ስለሚጠይቅ ነው የጻፍኩት።) የድሮውን ጨዋነት አልጣሉትም። ዛሬ በልደት ዝግጅቶች የምናየው መጮህ፣ መተቃቀፍ፣ ማልቀስ እነሱ ዘንድ የለም። ሳሎናችን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ገና ሁለቱ ብቅ ሲሉ ነው ፈገግ ያሉት፤ ገና ምንም ሳይባል።

ከዚህ አትጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ዝግጅት የቆመው በትዝታ ላይ ነው፤ ትዝታው የሌለው ሰው ሁለት ጨዋ አዛውንቶችን ያያል፣ ከዚያ በላይ አያገኝም። ሁለተኛ፣ የድሮ ሥራ ቆርጠው ሲያሳዩ የሎሪዮ ሥራ ይጎዳል። የሳቸው ቀልድ ቀስ ብሎ የሚፈላ ነው። ለምሳሌ ኤርቪን ሊንደማን የሚባለው የ66 ዓመት ጡረተኛ በሎተሪ 500,000 ማርክ ደርሶት ካሜራ ፊት ንግግር ያደርጋል፦ አይስላንድ ይሄዳል፣ ከሴት ልጁ ጋር ሮም ሄዶ ጳጳሱን ያያል፣ ከዚያ ቩፐርታል ውስጥ የወንዶች ልብስ ቡቲክ ይከፍታል። የቴሌቪዥን ሠራተኞቹ እንደገና፣ እንደገና እያሉ ያስደግሙታል፤ በደገመ ቁጥር ይደናገራል፤ መጨረሻ ላይ ቡቲኩን የሚከፍቱት ጳጳሱ ይሆናሉ። መጨረሻዋን ብቻ ቆርጣችሁ ብታሳዩኝ ምንም አይደለችም። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ደስ ብሎት፣ ክራቫቱን አስሮ፣ በትክክል ሲናገር ማየት አለብኝ። ይህን ሰው የሚጫወቱት ሃይንዝ ማየር ናቸው፤ ስማቸው ከሁለቱ ጎን ብዙ ጊዜ አይነሣም፣ መነሣት ነበረበት።

ስለዚህ ጀርመንኛ ለምትማሩ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ በጠንካራው እንቁላል ጀምሩ። ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ናቸው፣ ባል እንቁላሉ ጠነከረ ይላል፣ ሚስት አራት ደቂቃ ተኩል ነው የቀቀልኩት ትላለች፣ ሰዓት አይታ ሳይሆን ስሜቷ ነግሯት። ቃላቱ ቀላል ናቸው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይከተለዋል። ቀጥሎ የፓስታዋ፣ ቀጥሎ የገናው ቤተሰብ። ኤቭሊን ሃማን የቴሌቪዥን አስተዋዋቂ ሆነው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ታሪክ የሚያጠቃልሉባትን ለበኋላ አቆዩአት። ኖርዝ ኮተልስቶን ሆል፣ ሌዲ ሄስኬት ፎርትስኩ፣ ኔዘር አድልቶርፕ፣ እነዚህን ስሞች ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሊጠሩ ይነሣሉ፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ስሞቹ ጀርመንኛውንም ይበክሉታል፣ ፊታቸው ግን እስከ መጨረሻው የአስተዋዋቂ ፊት ሆኖ ለመቆየት ይታገላል። ሎሪዮ በዚህች ላይ የሉም። ብቻቸውን ናቸው፤ ከሁሉም የምወዳትም እሷን ነው። ምላስ መተሳሰርን እኛ ስደተኞች እናውቀዋለን፤ አንዲት ጀርመናዊት በዚያ ዓይነት ጭንቅ ውስጥ ሆና፣ አንገቷን ሳትደፋ ስትታገል ሳይ ያን ቀን ጥርሴን ብቻ አይደለም የነካችኝ።

አንዳንዱ ነገር አርጅቷል። የ1970ዎቹ የቤት እመቤት፣ አለቃና ጸሐፊ፣ የባል ትዕዛዝ፤ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ አብራኝ አይታ ብዙም አልሳቀችም፣ መብቷ ነው። ሎሪዮ ከሴቶቹ ይልቅ በወንዶቹ ላይ እንደሚስቁ ግን ቀስ ብሎ ይታያል። የአማርኛ ትርጉም የለውም፣ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ግማሹ አልፎኛል።

የልደቱን ዝግጅት መጨረሻ ላይ አስቀምጡት፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ዕወቁ። ኤቭሊን ሃማን በጥቅምት 2007፣ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ሎሪዮ ያኔ 83 ዓመታቸው ነበር። ሲሰናበቷቸው፣ ጊዜ አጠባበቃቸው ምንጊዜም እንከን አልነበረውም፣ ዛሬ ብቻ ተራቸውን አልጠበቁም አሉና «ቆይ ብቻ!» ብለው ጨረሱ። እሳቸውም በነሐሴ 2011 ተከተሏቸው። ብሬመን ውስጥ በሎሪዮ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ፤ እዚያ ከነሐስ የተሠራ ሶፋ ተቀምጧል፤ የእረፍት ቀኔ ላይ ሄጄ ተቀምጬበታለሁ።

ያን ማታ ዲስኩ ሲያልቅ መብራቱን አበራሁ። ባለ ልደቷ ወይዘሮ አገጫቸው ላይ የኬክ ክሬም ነበረ። ናፕኪን ይዤ ጠጋ ስል እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «አሁን ምንም አይበሉ» አሉኝ፣ ቃል በቃል፣ በዚያው በሰውየው ድምፅ፣ በእርስዎ። ሌላ ቀን «አንቺ» ነው የሚሉኝ።